ውሻው እንደ ሰከረ ሲንገዳገድ ጆሮውን ይዩት

ማታ ደህና የነበረው ቦቢ ጠዋት ግድግዳ ታክኮ መጣ። አንገቱ ወደ ግራ ተጣሟል። ሁለት እርምጃ ሄዶ በግራ ጎኑ ይወድቃል፤ ያስመልሰዋልም። ዘበኛችን «መርዝ በልቷል» ብሎ ወተት ፍለጋ ሮጠ። ወተቱ ምንም አልፈየደም፤ ችግሩ ጆሮው ውስጥ ነበር።

መጀመሪያ ዓይኑን ይዩ። ብሌኑ ወደ አንድ ጎን ቀስ እያለ ሄዶ ፈጠን ብሎ ይመለሳል? የተነካው ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል ነው፤ እሱም የሚገኘው በውስጠኛው ጆሮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የታመመው አንገቱ ያዘነበለበት ጎን ነው። ዓይኑ ወደ ላይና ወደ ታች ከተወዛወዘ፣ ውሻው ራሱ ከፈዘዘ ወይም መዳፉ እየታጠፈ ከሄደ ግን አንጎሉ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ መርዝንም ይጠርጥሩ። ያልተከተበ ሆኖ ጠባዩ ከተለወጠና ለሃጩ ከተዝረከረከ አይንኩት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም።

ቀጥሎ ጆሮውን ያሽትቱ። ይሸታል? መግል አለው? ሲነኩት ይጮሃል? እንግዲያው ኢንፌክሽኑ ከውጭ ጀምሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። የውሻና የድመት የጆሮ ቀዳዳ ቁልቁል ወርዶ ስለሚታጠፍ ቆሻሻና እርጥበት እዚያው ይቀራል። ድመት ላይ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ቆሻሻ ካዩ የጆሮ ተባይ ይሆናል። ወጣት ድመት ከሆነች ደግሞ ውስጥ የበቀለ ትርፍ ሥጋም ሊኖር ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን የጆሮ ጠብታ ልጨምርለት ስል ሐኪሙ በስልክ አስቆመኝ። የጆሮው ታምቡር ተቀዶ ከሆነ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶች ወደ ውስጥ ዘልቀው ሊያደነቁሩት፣ ሚዛኑንም ይበልጥ ሊያሳጡት ይችላሉ። ዘይትም፣ የጥጥ እንጨትም ይቅር። ሐኪሙ በመሣሪያ ውስጡን አይቶ፣ ፈሳሹን በማይክሮስኮፕ መርምሮ መድኃኒት ያዛል። የሚዋጠው አንቲባዮቲክ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። በሁለተኛው ሳምንት «ድኗል» ብለው ካቋረጡት ይመለሳል።

ቤት ውስጥ ደረጃውን ይዝጉ፤ ሴራሚክ ወለል ላይ ምንጣፍ ያንጥፉ፤ ውሃውን አፉ ድረስ ያቅርቡለት።

ጆሮው ንጹሕ ሆኖ ውሻው ያረጀ ከሆነስ? ምክንያቱ የማይታወቅ የእርጅና መንገዳገድ አለ። ብዙዎቹ በ3 ቀን ውስጥ መሻል ይጀምራሉ፤ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ደህና ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ቀን ተስፋ ቆርጠው «በመርፌ ይረፍ» አይበሉ።

አንዳንዴ አንገት ዘንበል እንዳለ ይቀራል። ቦቢ ዛሬም ሲጠሩት «ምን አላችሁ?» የሚል ይመስላል።