ክላስ እና ኦብጀክት ለጀማሪ፦ ፓይተን ላይ እቁብ እየጻፍን እንማር

ፕሮግራሚንግ ለጀመሩ ሰዎች ሳሳይ ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ነው ሚቆሙት። ቫሪያብል ይገባቸዋል፣ ኢፍ ይገባቸዋል፣ ፎር ሉፕም ትንሽ ቢያስቸግር ይገባቸዋል፣ ክላስ እና ኦብጀክት ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ይለወጣል። ጥፋቱ የነሱ አይመስለኝም፣ የምሳሌው ነው። አብዛኛው ትምህርት እንስሳ የሚባል ክላስ ያሰራቸውና ከሱ ውሻ ያስወርሳቸዋል፣ ከዛ ውሻው ይጮሃል፣ በቃ አለቀ። ተማሪው ውሻ የሚጮህበት ፕሮግራም ምን እንደሚሰራለት አያውቅም፣ ስለዚህ ክላስ ለምን እንዳስፈለገም አያውቅም። እኔ ደሞ እቁብ ነው የማስጽፈው፣ እቁብ የማያውቅ ሰው የለማ፣ ራሱ ባይጥል እናቱ ትጥላለች።

እቁብ ውስጥ ምን አለ? መዋጮ አለ፣ አባላት አሉ፣ ገና ያልወጣላቸው አሉ። እነዚህ መረጃ ናቸው። ሌላ ደሞ የሚሰራ ስራ አለ፣ አባል ይገባል፣ ብሩ ይደመራል፣ ዕጣ ይወጣል። ኦብጀክት ኦሬንትድ የሚባለው ነገር እንግዲህ መረጃውን እና መረጃው ላይ የሚሰራውን ስራ አንድ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሀሳቡ የተወለደው ኖርዌይ ውስጥ ነው፣ ኦሌ ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎርድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1960ዎቹ ሲሙላ የሚባል ቋንቋ ሰሩ፣ የገሀዱን ዓለም አሰራር ኮምፒውተር ላይ ለማስመሰል ነበር የፈለጉት። ለዛ ነው እኛም በደንብ ከምናውቀው የገሀዱ ዓለም ነገር ብንጀምር ሚቀለን።

ከፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ፓይተንን የመረጥኩት ብዙ ሳይጽፉ ውጤት ስለሚያሳይ ነው። ጃቫ ላይ አንድ መስመር ለማሳተም ገና ያልተማራችሁትን ሶስት አራት ቃል መጻፍ አለባችሁ። ፓይተንን ጊዶ ቫን ሮሰም ነው የሰራው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የለቀቀው በ1991 ነው፣ ነጻ ነው። ከፓይተን ነጥብ ኦርግ አውርዳችሁ ጫኑት፣ ዊንዶውስ ከሆነ ስትጭኑ ከታች በኩል ፓይተንን ፓዝ ላይ ጨምር የምትል ትንሽ ሳጥን አለች እሷን ምልክት አድርጉ፣ አብዛኛው ሰው እሷን ይዘልና ኋላ ላይ ፓይተን የለም እያለ ያስቸግረዋል። ላፕቶፕ የሌላችሁ አንድሮይድ ስልክ ላይ ፓይድሮይድ 3 የሚባለውን አፕ ጫኑ፣ ለዚህ ትምህርት ይበቃል። ኮምፒውተር ላይ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣውን አይድል የሚባለውን ኮድ መጻፊያ ክፈቱ፣ አዲስ ፋይል፣ ከዛ ጽፋችሁ ኤፍ 5 ስትጫኑ ይሰራል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ፣ ፓይተን 3 ከወጣበት ከ2008 ጀምሮ ስም በአማርኛ ፊደል መስጠት ይቻላል። የክላሱን ስም እቁብ፣ የቫሪያብሉን ስም መዋጮ ብትሉት ምንም ችግር የለውም ይሰራል። የፓይተን የራሱ ቃላት ብቻ ናቸው በላቲን ፊደል የሚጻፉት። ስራ ቦታ ከሌላ ሰው ጋር ስትሰሩ ስሙንም በእንግሊዝኛ አድርጉት፣ ለመማር ግን አማርኛው በጣም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ኮዱን ስታዩ በአማርኛ የተጻፈው በሙሉ እናንተ ያወጣችሁት ስም ነው፣ በላቲን የተጻፈው ደሞ የፓይተን ነው፣ የቱ የማን እንደሆነ ባይናችሁ ትለያላችሁ። ጀማሪን ከሚያደናግሩት ነገሮች ትልቁ ይሄ ነው።

እዚህ ከታች የፓይተኑንም ቃል እንደሚነበበው በፊደላችን ጽፌዋለሁ። ኢምፖርት፣ ራንደም፣ ክላስ፣ ዴፍ፣ ኢኒት፣ ሪተርን፣ አፔንድ፣ ሪሙቭ፣ ለን፣ ቾይስ፣ ፕሪንት፣ ሱፐር የሚሉትን እናንተ በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንሹ ጻፏቸው። ሌላውን እንዳለ በአማርኛ።

ኢምፖርት ራንደም

ክላስ እቁብ:
    ዴፍ __ኢኒት__(ራሱ, ስም, መዋጮ):
        ራሱ.ስም = ስም
        ራሱ.መዋጮ = መዋጮ
        ራሱ.አባላት = []
        ራሱ.ያልወጣላቸው = []

    ዴፍ አስገባ(ራሱ, ሰው):
        ራሱ.አባላት.አፔንድ(ሰው)
        ራሱ.ያልወጣላቸው.አፔንድ(ሰው)

    ዴፍ ድምር(ራሱ):
        ሪተርን ራሱ.መዋጮ * ለን(ራሱ.አባላት)

    ዴፍ ዕጣ_አውጣ(ራሱ):
        ባለዕጣ = ራንደም.ቾይስ(ራሱ.ያልወጣላቸው)
        ራሱ.ያልወጣላቸው.ሪሙቭ(ባለዕጣ)
        ሪተርን ባለዕጣ

ዴፍ አንድ ስራ እንዴት እንደሚሰራ መጻፊያ ነው፣ ኢኒት ደሞ እቁቡ ሲቋቋም ፓይተን ራሱ የሚጠራው ስራ ነው። አፔንድ ዝርዝር ላይ ይጨምራል፣ ሪሙቭ ከዝርዝር ያወጣል፣ ለን ስንት እንዳሉ ይቆጥራል፣ ቾይስ ሳያይ አንዱን ይመርጣል፣ ሪተርን ውጤቱን ይመልሳል። ኢኒት ግራና ቀኙ ላይ ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ አለው፣ አራት ናቸው በድምሩ። ውስጥ የገባው መስመር በአራት ስፔስ ነው የሚገባው፣ አይድል ሁለት ነጥብ ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ ራሱ ያስገባላችኋል።

ይሄን ጽፋችሁ ብታስኬዱት ምንም አይታይም። አትደንግጡ፣ ትክክል ነው። እስካሁን የጻፍነው መተዳደሪያ ደንቡን ነው። እቁብ ማለት መዋጮ አለው፣ አባል እንዲህ ይገባል፣ ዕጣ እንዲህ ይወጣል የሚል ወረቀት። ወረቀቱ ላይ አንድም ሰው የለም አንድም ብር አልተጣለም። ክላስ ይሄ ነው። አሁን በዛ ደንብ ሁለት እቁብ እናቋቁም፣ ከክላሱ በታች ወደ ግራ ጥግ ተመልሳችሁ፦

መርካቶ = እቁብ("የመርካቶ", 5000)
ቢሮ = እቁብ("የመስሪያ ቤት", 2000)

መርካቶ.አስገባ("አልማዝ")
መርካቶ.አስገባ("ከበደ")
ቢሮ.አስገባ("ሰናይት")

ፕሪንት(መርካቶ.ድምር())
ፕሪንት(ቢሮ.ድምር())
ፕሪንት(መርካቶ.ዕጣ_አውጣ())

መጀመሪያ 10000 ይላል፣ ቀጥሎ 2000፣ ከዛ አልማዝን ወይ ከበደን። መርካቶ እና ቢሮ ኦብጀክት ናቸው። ደንባቸው አንድ ነው፣ ብራቸውም ሰዋቸውም ለየብቻ ነው። አንዱ ጋ ዕጣ ቢወጣ ሌላው ምንም አይሰማም። ክላስ አንዴ ይጻፋል፣ ኦብጀክት የፈለጋችሁትን ያህል ይቋቋማል፣ እዚህ ጋ ቆም በሉና ሶስተኛ እቁብ ራሳችሁ አቋቁሙ፣ የሰፈራችሁን፣ አስር ሰው አስገቡበት፣ ድምሩን በጭንቅላታችሁ አስልታችሁ ከሚያወጣው ጋር አስተያዩት። እጃችሁ ካልጻፈው አይገባም፣ ማንበብ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ራሱ የሚለው ቃል። መጻህፍት ላይ ሰልፍ ሆኖ ነው የምታገኙት፣ ወረፋ ማለት ሳይሆን የእንግሊዝኛው ቃል ነው፣ ራስ ማለት። የፓይተን ቁልፍ ቃል አይደለም፣ ተራ ስም ነው፣ ልማድ ሆኖ ነው ሁሉም ሰልፍ የሚለው፣ ለዛ ነው እኔም ራሱ ማለት የቻልኩት። ስራው ምንድነው? መርካቶ.አስገባ("አልማዝ") ስትሉ ፓይተን ውስጥ ለውስጥ የሚያደርገው እቁብ.አስገባ(መርካቶ, "አልማዝ") ነው። ነጥቡ ፊት ያለው ነገር መጀመሪያ ይገባል፣ ራሱ የሚለው ቦታ ላይ። ይሄን ሁለተኛውን አጻጻፍ ራሳችሁ ሞክሩት፣ ይሰራል፣ አንዴ ካያችሁት ራሱ የሚለው ቃል ድጋሚ አያስፈራችሁም። ዴፍ ስትጽፉ ረስታችሁት ከቀረ ደሞ "1 ነው የሚቀበለው 2 ተሰጠ" የሚል ስህተት ይመጣል፣ እኔ እኮ አንድ ነው የሰጠሁት ትላላችሁ፣ ሁለተኛው መርካቶ ራሱ ነው።

በአማርኛ ስትጽፉ ብቻ የሚመጡ ስህተቶች አሉ፣ እነዚህን ማንም ስለማይነግራችሁ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። አንደኛው ፊደሉ ነው። እኛ እጣ ብንልም ዕጣ ብንልም ያው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን አይኑ ዕ እና አልፋው እ ጭራሽ የማይተዋወቁ ሁለት ፊደሎች ናቸው። ላይ ዕጣ_አውጣ ብላችሁ ታች እጣ_አውጣ ካላችሁ እንደዚህ የሚባል ነገር የለም ይላችኋል፣ ባይናችሁ ብታዩትም ልክ ይመስላል። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ ሐ ኀ ሁሉም እንደዛ ናቸው። አንድ ልጅ ከኔ ጋር ቁጭ ብሎ ጸሐፊ የሚል ስም ላይ ወደ አርባ ደቂቃ ጨርሷል፣ ላይ ሐመሩ ሐ ነው ታች ሃሌታው ሀ ነበር። መፍትሄው ስሙን ሁለተኛ ጊዜ በእጅ አለመጻፍ ነው፣ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ። ሁለተኛው ስርዓተ ነጥብ ነው፣ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ሆናችሁ ሁለት ነጥብ ስትሉ የኛው ፡ ይወጣል፣ ነጠላ ሰረዝ ስትሉ ፣ ይወጣል፣ ፓይተን የሚቀበለው የእንግሊዝኛውን : እና , ብቻ ነው። ስልክ ላይ ደሞ ጥቅሱ ጠመዝማዛ ሆኖ ይወጣል፣ ቀጥ ያለውን ነው የምትፈልጉት።

ሌላ አንድ ስህተት አለ እሱ ግን ከፊደል ጋር አይገናኝም፣ እኔ ራሴ ስጀምር አንድ ሌሊት ሙሉ አስለፍቶኛል። አባላት = [] የሚለውን ኢኒት ውስጥ ማስገባት ትቼ ከክላሱ ስም ስር በቀጥታ ጻፍኩት፣ ያጠረ መስሎኝ። ከዛ የአንዱ ቡድን ሰዎች ሌላው ቡድን ውስጥ መታየት ጀመሩ። በኛው ምሳሌ ከሆነ አልማዝን መርካቶ ላይ አስገብታችሁ የቢሮውን አባላት ብታሳትሙ አልማዝ እዛም አለች። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ክላሱ ስር በቀጥታ የተጻፈ ነገር ደንቡ ወረቀት ላይ እንደተጻፈ ነው፣ ወረቀቱ አንድ ስለሆነ ሁሉም እቁብ አንድ መዝገብ ይጋራል። ኢኒት ውስጥ ራሱ.አባላት ብላችሁ ስትጽፉ ግን እያንዳንዱ እቁብ ሲቋቋም አዲስ ባዶ መዝገብ ይከፈትለታል። እባካችሁ ይሄን ሆን ብላችሁ አበላሹትና እዩት፣ ሁለቱንም ጻፉና አወዳድሩ። በክላስ እና በኦብጀክት መሀል ያለው ልዩነት የሚገባው እዚህ ጋ ነው፣ የፈለገውን ያህል ትርጉም ቢሸመደድ ይሄን አይተካም።

ዕጣው ላይም ቀዳዳ አለ። 12 አባል ያለበት ወርሃዊ እቁብ 12 ጊዜ ወጥቶ ጳጉሜ ላይ 13ኛ ዕጣ አውጣ ብትሉት ያልወጣላቸው ዝርዝር ባዶ ስለሆነ ፓይተን ኢንዴክስ ኤረር ብሎ ይቆማል። ዕጣ_አውጣ ውስጥ መጀመሪያው መስመር ላይ ዝርዝሩ ባዶ መሆኑን በኢፍ ፈትሹና ባዶ ከሆነ እቁቡ ተጠናቋል ብላችሁ መልሱ። እዩልኝ፣ ማስተካከያውን አንድ ቦታ ነው የጻፋችሁት፣ የመርካቶውም የቢሮውም የሰፈሩም አብሮ ተስተካከለ። ክላስ ከሌለ ሶስት ቦታ ነበር የምትለቅሙት።

ውርስን በተመለከተ አጭር ነው የምለው፣ ምክንያቱም ጀማሪ ቶሎ ባይሮጥበት እመርጣለሁ። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካላቀረበ ብር የማይሰጥበት እቁብ አለ አይደል፣ ሌላው ነገሩ እንዳለ ያው ነው። እንደገና ከመጻፍ ይልቅ፦

ክላስ የዋስ_እቁብ(እቁብ):
    ዴፍ ዕጣ_አውጣ(ራሱ):
        ባለዕጣ = ሱፐር().ዕጣ_አውጣ()
        ፕሪንት(ባለዕጣ, "ዋስ ያስፈልጋል")
        ሪተርን ባለዕጣ

ቅንፍ ውስጥ ያለው እቁብ የወላጁ ስም ነው። አስገባም ድምርም ሳንጽፋቸው አሉ። ሱፐር ማለት ወላጄ እንደሚያደርገው አድርግ ነው፣ ከዛ የራሳችንን ጨመርን። አንድ ዝርዝር ውስጥ ተራውንም የዋሱንም እቁብ ደባልቃችሁ በፎር እየዞራችሁ ዕጣ_አውጣ ብትሉ እያንዳንዱ በራሱ ደንብ ያወጣል፣ ፖሊሞርፊዝም እያሉ የሚያስፈራሩበት ነገር ይሄው ነው።

የቤት ስራ ልስጣችሁ። እስካሁን ሰው ማለት ለኛ ተራ ጽሁፍ ነው፣ "አልማዝ"። እቁቡ ውስጥ ሁለት አልማዝ ቢኖሩስ? ለአንዷ ወጥቶ ሲጠራ የትኛዋ ናት? ስለዚህ አባል የሚባል ሁለተኛ ክላስ ጻፉ፣ ስም እና ስልክ ይኑረው፣ ከዛ እቁቡ ውስጥ ጽሁፍ ሳይሆን የአባል ኦብጀክት አስገቡ፣ መርካቶ.አስገባ(አባል("አልማዝ", "...")) እያላችሁ። ስታሳትሙት ስሙን ትቶ የማይነበብ ነገር ካወጣባችሁ ባለዕጣው ላይ ነጥብ ስም ጨምሩበት። ያ ሲሰራላችሁ ግማሽ ዕጣ የያዘ ሰው አስገቡ፣ መዋጮውን ግማሽ የሚጥል፣ ሲወጣለትም ግማሹን የሚወስድ፣ ሁለት ግማሾች ተጣምረው እንደ አንድ ዕጣ እንዲገቡ። ድምር የሚለው ስሌት በአባላት ቁጥር ማባዛቱ ያኔ ስህተት ይሆናል፣ የእያንዳንዱን አባል መዋጮ እየዞረ መደመር አለበት፣ መዋጮው ደሞ እቁቡ ላይ ይቀመጥ ወይስ አባሉ ላይ የሚለውን ወረቀት ላይ ስላችሁ ወስኑ፣ ኮዱን ከዛ በኋላ ንኩት።