ሂባቺና ሱሺ ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ የማትበሉትን ተናገሩ

አሜሪካ ያላችሁ፣ ልደት ወይ ምርቃት ሲመጣ ከጓደኞቻችሁ አንዱ "ሂባቺ እንሂድ" ማለቱ አይቀርም። ሂባቺ ሼፉ እፊታችሁ የሚጠብስበት የጃፓን ምግብ ቤት ነው፣ ሱሺ ደሞ ሩዝ ከዓሣ ወይ ከአትክልት ጋር። ስለ ቾፕስቲኩ (መብያ እንጨቶቹ) አትጨነቁ፣ ሹካ ካላችሁ ያመጡላችኋል።

ጠረጴዛው መሀል ላይ ትልቅ የብረት ምጣድ አለ፣ ዙሪያውን ወደ 8 ሰው ይቀመጣል፣ እናንተ 4 ከሆናችሁ ከማታውቁት ቤተሰብ ጋር ሊያቀላቅሏችሁ ይችላሉ። ቅዳሜ ማታ ከሆነ ቀድማችሁ ደውላችሁ ቦታ ያዙ። ሼፉ እየቀለደ እፊታችሁ ይጠብሳል፣ ሽንኩርት ደራርቦ እሳት ያስነሳበታል (ህጻናትን ራቅ አድርጉ)። ይሄን ትርኢት አሜሪካ ውስጥ ያስለመደው ሮኪ አዮኪ በ1964 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ የከፈተው ቤኒሃና ነው።

እና ሁሉም ነገር የሚጠበሰው እዛው አንድ ምጣድ ላይ ነው! አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ያዘዘው ሽሪምፕ (ትንሽ የባህር እንስሳ) ከናንተ ዶሮ አጠገብ ነው የሚንጫጫው፣ አንዳንድ ቦታ ደሞ ሳታዙ ማስጀመሪያ ብለው ሽሪምፕ ሳህናችሁ ላይ ጣል ያደርጋሉ። ስለዚህ አስተናጋጇ ልትታዘዝ ስትመጣ ያኔውኑ ንገሯት፣ ሼፉ ቢላዋ ማሽከርከር ከጀመረ በኋላ ማን ይሰማችኋል። አለርጂ ካለባችሁ ኪችን ውስጥ ለብቻ እንዲሰራላችሁ ጠይቁ። ሙስሊም ከሆናችሁ ስጋው ሐላል ቢሆንም ሳኬ (የጃፓን የሩዝ አልኮል) ይጨምሩበት እንደሆነ ጠይቁ፣ ቴሪያኪ ሶስ ውስጥም ሚሪን የሚባል የሩዝ ወይን ሊኖር ይችላል።

የጾም ቀን ከሆነ ይከብዳል። ፍራይድ ራይሱ እንቁላልና ቅቤ አለበት፣ ያ ሁሉ ሰው የሚወደው ሮዝማ ሶስ ማዮኔዝ ነው፣ ሚሶ (የአኩሪ አተር ሊጥ) ሾርባው የጾም ይመስላል እንጂ መረቁ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው። ነጭ ሩዝ፣ በዘይት የተጠበሰ አትክልት፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሰራ አይብ መሳይ)፣ የአቮካዶ ወይ የኪያር ሮል (ተጠቅልሎ የተቆረጠ ሱሺ) እዘዙ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።

ሱሺ ላይ፣ ጥሬ ክትፎ እየጠቀለለ የሚጎርስ ሰው ጥሬ ዓሣ ሲያይ ፊቱን ሲያጨማድድ ይገርመኛል። ለማንኛውም ከበሰለው ጀምሩ፣ ካሊፎርኒያ ሮል ለምሳሌ፣ ውስጡ ያለው "ሸርጣን" አብዛኛውን ጊዜ ከነጭ ዓሣ የተሰራ ማስመሰያ ነው። ከዛ ሳልመን ኒጊሪ (ሩዝ ላይ የተደረገ ጥሬ ሳልመን ዓሣ) ሞክሩ፣ በእጅ መብላት ይቻላል፣ እዚህ ላይ እኛ ማን ብሎን። ሶይ ሶስ ስታጠቅሱ በዓሣው በኩል ይሁን፣ ሩዙ ከነካው ይፈራርሳል። ዋሳቢ የሚባለው አረንጓዴ ማባያ እንደ ሚጥሚጣ ምላስ አያቃጥልም፣ አፍንጫ ነው የሚሰነጥቀው፣ በጣም ትንሽ ብቻ ንኩ። አብሮ የሚመጣው ዝንጅብል በየመሀሉ አፍ ማጽጃ ነው። ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ አትትከሉት፣ ጃፓኖች ለሙታን ነው እንደዛ የሚያደርጉት። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ጥሬውን ለጊዜው ተዉት።

ቲፕ ከ18 እስከ 20 ፐርሰንት ነው፣ ብዙ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ሂሳቡ ላይ ይደመራል፣ ሳታዩ ሁለቴ እንዳትከፍሉ። የተረፈውን ሂባቺ፣ ቦክስ ጠይቃችሁ፣ ውሰዱ፣ ጥሬ ሱሺውን ግን እዛው ጨርሱት።