በትንሽ ብር የገዳይ መኪና ፊልም መስራት ለምታስቡ

ማን እንደሚነዳው የማይታወቅ መኪና ሰው የሚያሳድድበት ሆረር በትንሽ በጀት ይሰራል ወይ ለምትሉ፣ በደንብ ይሰራል፣ እንደውም ከሆረር ሁሉ ለኪስ የሚመቸው ይሄ ነው ባይ ነኝ ምክንያቱም ጭራቃችሁ ሜካፕ አይፈልግም፣ ፊት ላይ የሚለጠፍ የጎማ ፕሮቴዝ አይፈልግም፣ ተከራይታችሁ ነዳጅ ሞልታችሁ ካቆማችሁት ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት «ዱኤል» የሚለውን ፊልም እዩት። ስቲቨን ስፒልበርግ በፈረንጆቹ 1971 ገና በ24 ዓመቱ ለኤቢሲ ቴሌቪዥን የሰራው ነው፣ ቀረጻው 13 ቀን አካባቢ ነው የፈጀው። ታሪኩ አንድ ሰውዬ በቀይ ፕሊማውዝ እየሄደ አሮጌ ቦቴ ይቀድማል ከዛ ቦቴው አልለቀው ይላል፣ በቃ ይሄው ነው። የሹፌሩን ፊት እስከ መጨረሻ አታዩትም፣ እጁንና ቦት ጫማውን ብቻ። አሁን ፖዝ አርጉና የቦቴውን ፓራውልት ተመልከቱ፣ የተለያየ የአሜሪካ ስቴት ታርጋ ተደርድሮበታል፣ ስለ ታርጋዎቹ ማንም ምንም አይልም ግን ያየ ሰው ይገባዋል፣ ከዚህ በፊት የጨረሳቸው ናቸው። እኔ እስከዛሬ ከዛ የበለጠ በርካሽ የተገዛ ፍርሃት አላየሁም። እናንተ ግን እውነተኛ ታርጋ አትንኩ ከትራፊክ ያጣላችኋል፣ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የተሰባበሩ ስፖኪዮዎች ሰብስቡና የመኪናችሁ ፊት ላይ በሽቦ እሰሩ፣ ሲነዳ ሁሉም ይንቀጠቀጣሉ።

መኪና ስትመርጡ ደሞ ፊቱን ነው የምታዩት፣ ሞተሩን አይደለም። መብራቱ ዓይን ነው፣ ከመብራቶቹ መሃል ያለው ፍርግርግ፣ ግሪሉ፣ አፍ ነው። አዳዲሶቹ ፊታቸው ልስልስ ያለ ስለሆነ ካሜራ ላይ ምንም አይሉም፣ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ካገኛችሁ ግን እንዳትለቁት። ከዛ አንድ ጸባይ ስጡት፣ አንድ ብቻ። ለምሳሌ ሊገድል ሲል ሁልጊዜ የግራ ፍሬቻው ይበራል። ሁለቴ ካሳያችሁ በኋላ ሶስተኛው ላይ ፍሬቻው ብቻውን ይበቃል፣ መኪናውን ማሳየት ራሱ አያስፈልግም፣ ግድግዳ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ቢጫ ብርሃን ብቻ፣ አያችሁ እዚህ ጋ ነው ብር የሚተርፈው። ለምን ይገድላል የሚለውን ደሞ በፍጹም አትንገሩን፣ እርግማን ነው መንፈስ ነው ብላችሁ ማብራራት የጀመራችሁ ቀን ፍርሃቱ ያልቃል። እኛ አገር ህዝቡ ሲኖትራክን ቀይ ሽብር ብሎ የጠራው ማብራሪያ ፈልጎ አይደለም፣ መንገድ ላይ ሰው ያጣ ቤተሰብ ሁሉ ያንን ፍርሃት ያውቀዋል፣ ስለዚ ይሄን ፊልም ስትሰሩ ቀልድ አታርጉት፣ የሚሞተውን ሰው እንድንወደው አርጋችሁ ጻፉት።

ፍጥነት ከመሪው ሳይሆን ከካሜራው ነው የሚመጣው። ካሜራውን መሬት ላይ ማለት ይቻላል አስቀምጡትና መኪናው በጎኑ ይለፍ፣ ከመኪናው ጀርባ ቅርብ ላይ የገደል ግድግዳ ወይ አጥር ካለ በ20 የሚሄደው በ60 የሚበር ይመስላል፣ ስፒልበርግም ካሜራ ዝቅ አርጎ የተራራ ግድግዳ እየተከተለ ነው የቀረጸው። ከሩቅ በረዥም ሌንስ ከቀረጻችሁ ደሞ 30 ሜትር ኋላ ያለው መኪና የተዋናዩ ማጅራት ላይ ያለ ይመስላል።

ከሁሉም የምወደው ግን ገልብጦ መቅረጽ ነው፣ ማለትም የቀረጻችሁትን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማጫወት። እኛ ሱሉልታ መውጫ አንድ ዘመዳችን ግቢ ውስጥ ሞክረነዋል፣ የጭነት መኪናውን አቆምነው፣ ልጁ ደረቱን ግሪሉ ላይ አስደግፎ ቆመ፣ ከዛ ሹፌሩ በሪቨርስ ቀስ ብሎ ከሱ ራቀ፣ ልጁም ከድንጋጤ ወደ መረጋጋት ፊቱን እየቀየረ ተወነ። ኤዲት ላይ ገልብጠን ስናፈጥነው መኪናው ከንፎ መጥቶ ደረቱ ላይ ቀጥ አለ፣ ሁላችንም ዝም አልን። የመጀመሪያው ቴክ ግን አልሆነም ምክንያቱም የጭስ ማውጫው ጭሱን መልሶ ሲውጥ ይታያል፣ ከኋላ ደሞ ዶሮ ወደ ኋላ ስትሄድ ገብታለች፣ ስለዚ ጭስ፣ እንስሳና ንፋስ የሚያወዛውዘው ዛፍ ከፍሬም ይውጣ። በፈረንጆቹ 1983 ጆን ካርፔንተር በሰራው «ክሪስቲን» ፊልም ላይ የተጨማደደችው መኪና ራሷን ስትጠግን የሚታየውም በዚሁ ዘዴ ነው፣ በሃይድሮሊክ ፓምፕ ቆርቆሮውን ከውስጥ ስበው አጨማደዱትና ፊልሙን ገልብጠው አጫወቱት። ፓምፕ የለንም ካላችሁ ንጹህ መኪና ላይ ጭቃ እየደፋችሁ ቅረጹና ገልብጡት፣ ጭቃው በራሱ ከመኪናው እየተነሳ ይሄዳል።

ሹፌሩን ለመደበቅ መስታወቱ ላይ ሰማይ እንዲንጸባረቅ ካሜራውን ማዞር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሹፌሩን የወንበር ሽፋን አልብሶ ወንበር ማስመሰልም አለ ግን እይታውን ስለሚከልለው የተዘጋ ግቢ ውስጥ፣ በእግር እርምጃ ፍጥነት ብቻ።

ስለ አደጋ ይሄን ልንገራችሁ፣ በፈረንጆቹ 1985 አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ «ማክሲመም ኦቨርድራይቭ» የሚባል ፊልም ሲቀረጽ በሪሞት የሚሄድ የሳር ማጨጃ እንጨት መትቶ ስንጣሪው የሲኒማቶግራፈሩ የአርማንዶ ናኑዚ ዓይን ውስጥ ገባ፣ ያ ዓይኑ ዳግም አላየም። ትንሽ ማሽን ናት እኮ። ተዋናይ ወዳለበት አቅጣጫ የሚሄድ መኪና አይኑር፣ ያ ሾት ሁልጊዜ በግልበጣ ነው። ሰው በማያልፍበት መንገድ፣ ከፈቃድ ጋር፣ አንድ ሰው ደሞ «ቁም» ከማለት ውጪ ሌላ ስራ አይኑረው።

ሳውንዱን ለብቻ ቅዱ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሲነሳ፣ ፍሬን አየር ሲተነፍስ፣ ክላክስ ከሩቅ። «ዱኤል» መጨረሻ ላይ ቦቴው ገደል ሲገባ የሚሰማው ከአሮጌ ፊልም የተወሰደ የአውሬ ጩኸት ነው፣ እናንተም ከሞተሩ ድምጽ ስር የከብት ወይ የጅብ ድምጽ አዘግይታችሁ ብትከቱ ተመልካቹ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሆዱ ይረበሻል። ስትጨርሱ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚያሰማውን ቲክ ቲክ ማይኩን ኮፈኑ ስር አስገብታችሁ ሁለት ደቂቃ ቅዱ፣ የመጨረሻው ሾት ላይ ስክሪኑ ከጠቆረ በኋላም እሱ ይቀጥል።