ኡቡንቱን ከመጫናችሁ በፊት በፍላሽ ሞክሩት

ለኮድ ሥራ ወደ ሊኑክስ ልትዞሩ ነው? ዊንዶውስን ለማጥፋት አትቸኩሉ። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ኡቡንቱን ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ አዘጋጁና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሱት። ለመሞከር የሚለውን ምርጫ ስትነኩ፣ ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጭን ይከፈታል።

መጀመሪያ ዋይፋዩን እዩ። አንዳንዱ የዋይፋይ ካርድ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር (ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) አይሠራም። እኔ ሳልሞክር ጫንኩና ሁለት ቀን ሙሉ ከስልኬ በኬብል ኢንተርኔት ስስብ ከረምኩ። የካርዱ ነገር ምን ይባላል!

ዊንዶውስን ጎን ለጎን የምታቆዩ ከሆነ፣ ዲስኩን ከመከፋፈላችሁ በፊት የቢትሎከርን (ዲስኩን የሚቆልፈውን የዊንዶውስ መከላከያ) 48 አሃዝ መክፈቻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ገልብጡ። በኋላ ዊንዶውስን ስትከፍቱ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ደግሞ ሊኑክስ በፋይል ስም ላይ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያል። ትናንት ዊንዶውስ ላይ ሲሠራ የነበረ ኮድ «ፋይሉ የለም» ካላችሁ፣ መጀመሪያ እሱን ፈትሹ።