ዳቦ ከማቆማችሁ በፊት ተመርመሩ

ሆዳችሁ ሲነፋ፣ ተቅማጥ ሲመላለስባችሁ ወይም የብረት እንክብል እየዋጣችሁም ደም ማነሱ አልሻል ሲላችሁ፣ "ስንዴው ነው" ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ሴሊያክ ሊሆን ይችላል፤ ግሉተን የሚባለው በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ሲበላ ሰውነት የራሱን ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት በሽታ ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ነው የተጃጃልኩት። ሦስት ወር ዳቦ ሳልቀምስ ቆይቼ ተመረመርኩ፣ ውጤቱ ነፃ ነህ አለኝ። ለካ ምርመራው የሚፈልገው ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ ሰውነቱ የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ካልበላ ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚያማ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ዳቦ ብላ ተባልኩ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር የማድረው።

ስለዚህ እየበላችሁ ሂዱና ቲቲጂ አይጂኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቁ። አጠቃላይ አይጂኤም (አይጂኤ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ በጠቅላላው ያለው መጠን) አብሮ ይታይ፤ እሱ ከተፈጥሮ ዝቅ ያለባቸው ሰዎች አሉ፣ የመጀመሪያው ውጤት ይሸውዳቸዋል። ቲቲጂ አይጂኤው ከፍ ብሎ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ከትንሹ አንጀት ናሙና ይወሰዳል። እስከዚያም ዳቦውን አታቁሙ።

ሴሊያክ ነው ከተባላችሁ፣ ጤፍ ግሉተን የለውም፣ ተመስገን! ግን ውጭ አገር የሚሸጥ እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። "መቶ በመቶ ጤፍ ነው?" ብላችሁ አፍ አውጥታችሁ ጠይቁ፣ እርሾው በምን እንደተነሳም ጭምር። በሶ፣ ቂንጬና የገብስ ገንፎ ቀሩ። ከአገር ቤት የሚላክ ሽሮ ደግሞ ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ ያለፈ ሊሆን ይችላል። እኔ አሁን ሽምብራውን ሳይፈጭ አስልኬ እዚሁ ቤቴ ነው የምፈጨው።