ሸሪክ ከመያዛችሁ በፊት፦ ገንዘባችሁን የምትቀላቅሉትን ሰው እንዴት እንደምትመርጡ

ሰው ከመፈለጋችሁ በፊት የጎደላችሁ ምን እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉት። ገንዘብ ነው? ሙያ ነው? ቦታ ነው? ገዢ ነው? የጎደላችሁ ገንዘብ ብቻ ከሆነ ዕቁብ ግቡ ወይም ተበደሩ። ብድር ተከፍሎ ያልቃል፤ ሸሪክ ግን ሥራው እስካለ ድረስ ከትርፉ ይካፈላል፣ በየውሳኔውም ድምፅ አለው። ቀድሞ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ስለሚያስፈልግ ብዙዎች ወንድማቸውን ወይም ባለቤታቸውን ለስም ያህል ያስገቡ ነበር። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ስለዚህ ሕጉን ለማሟላት ብላችሁ ሰው አታስገቡ።

እኔ ይህን ሳላስብ ነው የገባሁት። በ2009 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ሰፈር አብሮኝ ካደገ ጓደኛዬ ጋር ሳቢያን በኩል ብሎኬት ማምረቻ ከፈትን። ሲሚንቶ እዚሁ ድሬዳዋ ይመረታል፣ አሸዋ ቅርብ ነው፣ ቤት የሚሠራውም ብዙ ነበር። ገበያው አልጎደለብንም። በ14ኛው ወር ማሽኑ ቆመ፤ 240 ሺህ ብር ቀለጠ፤ የ20 ዓመት ጓደኝነትም አብሮ ሄደ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስንተያይ አንገታችንን እናዞራለን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ የወጣ ነው።

ሰውየውን ገንዘብ እጁ ከገባ በኋላ እዩት

ከባዱ ደረጃ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ማንም ሰው ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ጥሩ ነው። መታየት ያለበት ከተቀበለ በኋላ ያለው ጠባዩ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከዕቁብ የተሻለ ሚዛን አላውቅም። ዕጣው ገና ያልወጣለት ሰው በሰዓቱ ቢከፍል አይገርምም፣ ተራውን እየጠበቀ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ወጥቶለት በሠላሳኛውም ሳምንት ሳይጠሩት የሚከፍል ሰው ግን ሸሪክ ይሆናል። ስለዚህ የዕቁቡን ዳኛ ወይም ጸሐፊ ፈልጋችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ከወጣለት በኋላ ስንት ጊዜ አስጠራችሁት?»

ቀጥሎ ወደሚገዛበት ሱቅ ሂዱ። እዚህ ላይ ይሉኝታ ያስቸግራችኋል። «እንዴት ያለ ሰው ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሁልጊዜ «ጥሩ ልጅ ነው፣ የሰው ልጅ ነው» ይሆናል። የሰው ስም ማጥፋት የሚፈልግ የለም። እኔ ራሴ መጋላ ውስጥ ሦስት ነጋዴዎችን እንዲህ ጠይቄ ሦስቱም አመስግነውልኝ ነበር። በኋላ ላይ አንደኛው ጋ ሄጄ ለምን እንዳልነገሩኝ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ መቼ በዱቤ ልስጠው ወይ አልከኝ?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። መጠየቅ ያለበት በቀንና በብር የሚመለስ ጥያቄ ነው፦ «ሐጂ፣ ዕቃ በዱቤ ብሰጠው በስንት ቀን ይከፍለኛል?» ከዚያ ደግሞ የመጨረሻውን አስከትሉ፦ «ለ50 ሺህ ብር ዋስ ይሆኑታል?» ቶሎ «አዎ» ካሉ በቂ ነው። ሻያቸውን ማማሰል ከጀመሩ መልሱን አግኝታችኋል፤ አታስጨንቋቸው።

ሦስተኛው የምትጠይቁት ከእሱ ጋር ሠርቶ የተለያየ ሰው ነው። መለያየታቸውን እንደ ነውር አትዩት፤ ሰው ይለያያል። የምትፈልጉት እንዴት እንደተለያዩ ነው። ደብተሩ ማን ጋ ነበር? አሳየው? ሒሳቡ ተዘግቶ ብሩ እጅ እስኪገባ ስንት ወር ፈጀ? ስለ ቀድሞ ሸሪኩ ሲያወራ ሁልጊዜ ሌባው ያ ሌላው ከሆነ፣ ሦስት ሸሪክ ቀይሮ ሦስቱም ሌቦች ከነበሩ፣ አራተኛው ሌባ እናንተ ትሆናላችሁ።

ስለ በርጫም፣ ስለ ጫት መቃሚያው ሰዓት፣ ልናገር፣ ምክንያቱም ድሬም ሐረርም ብዙ ሽርክና የሚጠነሰሰው እዚያ ነው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው አይዋሽም፤ የሚለውን ከልቡ ያምናል፤ ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው። እኛም ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን በአንድ ዓመት ሁለተኛ ማሽን፣ በሁለት ዓመት የራሳችንን ገልባጭ መኪና ገዝተን «ግማሽ ግማሽ» ብለን ተጨባበጥን። እዚያ የተነሣውን ሐሳብ አትጣሉት። በማግሥቱ ጠዋት ፉል ቤት ተገናኙና ያንኑ ነገር በካልኩሌተር ድገሙት። ጠዋት ላይ ያልተደገመ ስምምነት ላይ አንድ ብር አታውጡ።

ባለቤቱን አግኙ

ሸሪካችሁ ባለትዳር ከሆነ ከባለቤቱ ጋር ሳትቀመጡ አትፈርሙ። ድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ ቤትን መሸጥና ማስያዝ፣ ከ500 ብር በላይ መበደርና ለዚያ ያህል ዕዳ ዋስ መሆን የሁለቱንም ስምምነት እንዲጠይቅ ያደርጋል። ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ሐረር ከሆናችሁ የክልሉን የቤተሰብ ሕግ ጠበቃ ይይላችሁ። የእናንተ ባለቤትም ትወቅ፣ ይወቅ።

በዓይነት የሚገባውን አስገምቱ

ጓደኛዬ ያገለገለ የብሎኬት ማሽን ይዞ መጣ፣ እኔ ጥሬ ገንዘብ። ማሽኑን 200 ሺህ ብር ያወጣል አለ፤ ለመጠየቅ አፍሬ እሺ አልኩ። በሁለተኛው ወር ዲናሞው ተቃጠለ። የሚጠግነው ልጅ ከፍቶ ሲያየው ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ ነበር፤ ሻጋታዎቹም ተበልተው ብሎኬቱ እኩል አይወጣም። ጥገናው ከጋራ ኪስ ሲወጣ እኔ ሁለት ጊዜ የከፈልኩ መሰለኝ፤ እሱ ደግሞ የተጠረጠረ መሰለው። ከዚያ ቀን በኋላ በልባችን አብረን አልሠራንም። ማሽን፣ መኪና፣ ቦታ፣ «የማውቃቸው ደንበኞች አሉኝ» የሚባለው ሳይቀር፣ ሁለታችሁም በመረጣችሁት ሦስተኛ ሰው ይገመት፤ የተገመተው ዋጋ መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ይጻፍ።

ድርሻ፣ ፊርማ፣ መለያያ

እነዚህን በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል። ሁለት ሰው 50 በ50 ሲሆን ያልተስማሙበት ነገር ሁሉ ይቆማል። እኛን ያቆመን ዱቤ ነው፤ እሱ ለኮንትራክተሮች በዱቤ እንስጥ ሲል እኔ እምቢ፣ የሚፈርድ ሰው የለም። ወይ አንዱ ከግማሽ በላይ ይያዝ፣ ወይ ገና በሰላሙ ጊዜ ሽማግሌውን ወይም የግልግል ዳኛውን በስም ውሉ ውስጥ አስገቡ። ከስንት ብር በላይ ዱቤ የሁለቱን ስምምነት እንደሚፈልግም ጻፉ። የባንክ ሒሳቡ በጥምር ፊርማ ይከፈት። መውጣት የሚፈልግ ድርሻውን ለማን፣ በምን ግምት፣ በስንት ጊዜ ተከፍሎት እንደሚሸጥ፣ አንዱ ቢሞት ወራሾቹ ምን እንደሚያገኙ ይጻፍ። ይህን ማንሣት ሟርት የሚመስለው ሰው ካጋጠማችሁ ቆም በሉ።

ከፍርድ ቤት አካባቢ ስም ብቻ ተቀይሮበት የሚታተም የውል ቅጽ አትግዙ። የእኛው እንደዚያ ነበር፤ ስለ መለያየት አንድ መስመር አልነበረውም። ለጠበቃ ክፈሉ።

የማኅበሩን ዓይነት በተመለከተ፣ ሳይመዘገብ በመተማመን የሚሠራው የእሽሙር ማኅበር የራሱ ሰውነት የለውም፤ ፈቃዱ በስሙ የወጣው ሰው ዕዳውን ይሸከማል። በኅብረት ሽርክና ማኅበር ሸሪካችሁ በማኅበሩ ስም የገባበት ዕዳ እናንተ ቤት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በ15 ሺህ ብር ካፒታል ይቋቋማል፣ አባላቱ እስከ 50 ሊሆኑ ይችላሉ፣ በመርሕ ደረጃም የምትጠየቁት ባዋጣችሁት ልክ ነው። ለአብዛኛው ሰው እሱን እመክራለሁ። ምዝገባውንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን (ቲን) ንግድ ቢሮና ገቢዎች ያስጨርሷችኋል።

ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጭነት አብራችሁ ሥሩ

ትንሽ ገንዘብ አዋጥታችሁ አንድ ዕቃ ገዝታችሁ ሽጡ፤ በ30 ቀን ሒሳቡን ዝጉ። ቢከስር ይሻላል፤ ትርፍ ላይ ሁሉም ሰው ደግ ነው።

አሁን አብራኝ የምትሠራውን የሐረር ሴት እንዲህ ነው ያወቅኋት። አንድ መኪና ሽንኩርት አመጣን፤ እሷ ሸዋ በር አካባቢ ልትሸጥ፣ እኔ ድሬ። የእሷ ድርሻ ግማሹ ተበላሸ። የዚያኑ ዕለት ማታ ሳልደውልላት ደወለች፦ «11 ሺህ ብር ከስረናል፤ ሦስቱን ሺህ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ፀሐይ ላይ አውዬው ነው፤ እሱን ከእኔ ቁረጥ» አለችኝ። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንሥታም ላከችልኝ። ሦስቱን ሺህ አልቆረጥኩም። አሁንም በየማታው የዕለቱን ገጽ ትልክልኛለች፣ እኔም የእኔን እልክላታለሁ።