የማሠልጠኛ እርግቦችን ከወፍ አዳኝ ውሾች አጠገብ ማኖር

ወፍ አዳኝ ውሾችን ለማሠልጠን ሜዳ ላይ የሚለቀቁትና ወደ ቤታቸው የሚመለሱት እርግቦች ቤት ከውሾቹ ማደሪያ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፤ መካከላቸውም እይታ የሚከልል ግድግዳ ይኑር። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ እርግብ እያየና እያሸተተ የሚውል ውሻ ወይ ሲጮህ ይውላል፣ ወይ ጠረኑን ይለምድና ሜዳ ላይ ችላ ይለዋል።

ለ12 እርግቦች 1.2 በ2.4 ሜትር ወለል ይበቃል። ወለሉን ከመሬት 60 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፤ አይጥ ከሥሩ ጎጆ አይሠራም። ቀዳዳው 12 ሚሊሜትር የሆነ ጠንካራ የሽቦ መረብ ተጠቀሙ። ስስ የዶሮ ሽቦ ውሻ በጥርሱ ይቀደዋል።

በመግቢያው ላይ ቀጫጭን የሽቦ ዘንጎች ከላይ አንጠልጥሉ፤ ከታች በውጭ በኩል የሚያግዳቸው ጣውላ ምቱ። እርግቧ በደረቷ ገፍታ ትገባለች፤ ከውስጥ ስትገፋው ግን አይከፈትም። ዘንጎቹ ከዛጉ ተጣብቀው አልንቀሳቀስ ስለሚሉ በየጊዜው በእጃችሁ ሞክሯቸው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ያደጉ እርግቦችን ገዝተው ሲለቁ ነው፤ ወደ ቀድሞ ቤታቸው ይመለሳሉ። ራሳቸውን ችለው መብላት የጀመሩ ጫጩቶችን ግዙ፤ አካባቢውን በሽቦው እያዩ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቆዩ። መጀመሪያ የምትለቋቸው አመሻሽ ላይ፣ ከመመገባቸው በፊት ይሁን። ለአንዲት እርግብ በቀን 30 ግራም ያህል እህል ይበቃል፤ ጠጠርና ንጹሕ ውኃ አይጓደል።

እርግቦቹ ሲመለሱ ውሾቹ ይታሰሩ። ኩሱን ውኃ አርከፍክፋችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ጥረጉ። ውሾች ስለሚበሉትና ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዛቸው ስለሚችል፣ ክዳን ባለው ዕቃ አርቃችሁ አስቀምጡት።